ዋት የማያነብ ክላምፕ ሜትር፦ በምጣድ፣ በዲቫይደርና በፍሪጅ ላይ ተፈትኖ

ላለፉት ሰባት ወራት በቤቴ ስገለገልበት የቆየሁት ክላምፕ ሜትር (ሽቦን በመንጋጋው ነክሶ ከረንት የሚለካ መሣሪያ) ከመርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫዎች በአንዱ የተገዛ፣ የታወቀ ፋብሪካ ስም ያልተጻፈበት፣ በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራና በአንድ እጅ የሚያዝ መሣሪያ ነው። እስከ 600 ቮልት የሚደርስ ተለዋዋጭና ቀጥተኛ ቮልቴጅ፣ በ20 እና በ200 አምፔር እርከኖች ተለዋዋጭ ከረንት፣ እንዲሁም ከ200 ኦም እርከን ጀምሮ ሬዚስታንስ ይለካል። ዋጋውን ሆነ ብዬ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ በሚቀጥለው ወር አንባቢን ከሻጭ ጋር ከማጨቃጨቅ በቀር የሚፈይደው ነገር አይኖርም። ተራው ቢጫ መልቲሜትር ከሚሸጥበት ሦስት እጥፍ ገደማ እንደከፈልኩበት ማወቁ ለንጽጽር ይበቃል።

ዕቃውን ስመርጥ ከጎኔ የቆመ ሌላ ገዢ ሻጩን «ዋት ያነባል?» ብሎ ጠየቀ፤ «አያነብም» ሲባል መሣሪያውን መልሶ አስቀምጦ ሄደ። ያ ሰው የተወው ነገር በእኔ ግምት የሚያስቆጭ ነበር። ምጣድን፣ ስቶቭን፣ ማንቆርቆሪያንና ካውያን ለመሰሉ ማሞቂያዎች ዋትን ለማወቅ ቮልቱን በአምፔሩ ማባዛት፣ ኦምን ለማወቅ ደግሞ ቮልቱን ለአምፔሩ ማካፈል ብቻ ይበቃል። ጀርመናዊው መምህር ጌዎርግ ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ይህ ዝምድና በሰባተኛም በስምንተኛም ክፍል ሁላችንም የሸመደድነው ቢሆንም፣ ሁለቱን ቁጥሮች ከገዛ ቤታችን ግድግዳ አንብበን ያካፈልን ግን ጥቂቶች ነን። መሣሪያው ዋት ስለማያነብ አልቀነስኩበትም፤ የምቀንስበት የኦም መለኪያው ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ ደካማ በመሆኑ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም እሱ ነው።

በመጀመሪያ ግን ቢጫውን መልቲሜትር ለምን እንዳልመረጥኩ ልናገር። በገበያ ዲቲ 830 እየተባለ በብዙ ፋብሪካዎች የሚሠራው ያ መሣሪያ ለባትሪና ለሬዲዮ ጥገና ጥሩ ሆኖ ሳለ ተለዋዋጭ ከረንትን፣ ማለትም የቤት ሶኬት የሚሰጠውን፣ ጨርሶ አይለካም። «10 አምፔር» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቀዳዳው ለቀጥተኛ ከረንት ብቻ የተሠራ ነው፤ በአብዛኞቹ ላይም ፊውዝ የለውም። ቀዩን ገመድ በዚያ ቀዳዳ ረስቶ ጫፎቹን ሶኬት ውስጥ የሚሰካ ሰው ቮልት የሚለካ ይመስለዋል እንጂ የሚያደርገው ፌዙን (ኃይል የሚመጣበትን ሽቦ) ከኒውትራሉ (ከመመለሻው ሽቦ) ጋር ማገናኘት ነው። በዚያ መስመር ላይ ያለው የመለኪያው ሬዚስታንስ 0.01 ኦም ያህል ስለሆነ፣ 220ን ለ0.01 ስናካፍል 22,000 አምፔር እናገኛለን። የቤት ሽቦ ያን ያህል ለማሳለፍ ባይችልም፣ ብሬከሩ እስኪወርድ ድረስ የሚፈጠረው ብልጭታ ጣትንና ዓይንን ለመጉዳት ይበቃል። ክላምፕ ሜትር ይህን አደጋ ያስቀራል፤ ከረንትን የሚለካው ሽቦው ሳይቆረጥና ብረት ሳይነካ፣ ተለዋዋጭ ከረንት በሽቦው ዙሪያ የሚፈጥረውን መግነጢሳዊ መስክ በመንጋጋው ውስጥ በመሰብሰብ ነው።

የአሠራሩ ጠባይ ግን ለጀማሪ አንድ ግር የሚያሰኝ ነገር አለው። መንጋጋው የምጣዱን ሙሉ ገመድ ሲነክስ ንባቡ ዜሮ ይሆናል፤ በፌዙ የሚሄደውና በኒውትራሉ የሚመለሰው ከረንት እኩልና ተቃራኒ ስለሆኑ አንዱ የሌላውን መስክ ያጠፋዋል። እኔም በመጀመሪያው ቀን ዕቃው የተበላሸ መስሎኝ ልመልሰው ተነሥቼ ነበር። መፍትሔው ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነግሮ፣ የውጭ ልባሱ ለአንድ ስንዝር ያህል የተገፈፈና የውስጥ ፕላስቲኩ ያልተነካ፣ ሦስቱ ሽቦዎች ተለያይተው የሚታዩበት አጭር ማስረዘሚያ ማሠራት ነው። ከመሣሪያው ጋር አብሮ አይሸጥም፤ ያለ እሱ ግን መሣሪያው ለቤት አገልግሎት ግማሽ ዕቃ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና የእኛው ምጣድ ነበር። የተለጠፈበት ወረቀት 220 ቮልትና 3,500 ዋት ይላል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ምጣዱ በደንብ ከሞቀ በኋላ የታየኝ 221 ቮልትና 15.8 አምፔር ሲሆን፣ ስናባዛቸው 3,492 ዋት፣ ስናካፍላቸው 14 ኦም ይሰጣሉ። ወረቀቱ አልዋሸም ማለት ነው፤ እውነቱን ለመናገር ይዋሻል ብዬ ጠብቄ ነበር። በዚያው ቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ የሰፈሩ ሁሉ ስቶቭ በተለኮሰበት ሰዓት፣ ያው ምጣድ በ187 ቮልት 13.4 አምፔር ብቻ ሳበ። ሬዚስታንሱ እንደ ጠዋቱ 14 ኦም ገደማ ነው፤ ኃይሉ ግን ወደ 2,506 ዋት ወርዷል። ቮልቱ በ15 በመቶ ሲቀንስ አምፔሩም በዚያው ልክ ስለሚቀንስ፣ የሁለቱ ብዜት በ28 በመቶ ይወርዳል። ምጣዱ ግን ለአየር የሚለቀው ሙቀት ማታ ስለሆነ አይቀንስም፤ ስለዚህ ሊጡ በፈሰሰበት ቅጽበት የጠፋው ሙቀት ቶሎ አይተካም፣ እንጀራውም ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል። እናቴ ለዓመታት «የማታ መብራት ለእንጀራ አይሆንም» ስትል የኖረችውን ነገር በሁለት ቁጥር ተጽፎ ማየት ደስ ይላል፤ እሷ ግን ለዚህ መሣሪያ መግዛት ያስፈልግ እንደነበር እስካሁን አልተዋጠላትም።

ስሌቱን በሌላ መንገድ ለማመሳከር ቆጣሪውን ተጠቀምኩ። በእኛ ቆጣሪ ላይ ቀይዋ መብራት ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 1,600 ጊዜ ብልጭ እንደምትል ተጽፏል። ሌላውን ሁሉ አጥፍቼ ምጣዱን ብቻ በማለዳ ለኩሼ በደቂቃ 92 ብልጭታ ቆጠርኩ፤ 92ን በ60 አባዝተን ለ1,600 ስናካፍል 3.45 ኪሎዋት ይሆናል። ክላምፑ ከሰጠኝ ቁጥር ጋር ያለው ልዩነት በመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም፤ ፋብሪካው ላልታወቀ ዕቃ ይህ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ምጣዱ ለሁለት ሰዓት ያለማቋረጥ ቢለኮስ ሰባት ኪሎዋት ሰዓት ገደማ እንደሚበላም ከዚሁ ማስላት ይቻላል፤ ካርድ የሚሞላ ሰው ይህን ቁጥር ቢያውቀው አይከፋም።

መሣሪያው ዋጋውን የመለሰልኝ ግን በጎረቤታችን ቤት ነው። እኚህ እናት ምጣዳቸው ደክሟል ብለው ካማረሩ ቆይተዋል። «ልጄ፣ ሬዚስታንሱን ካስቀየርኩት ሦስት ወር አልሞላውም፤ እንጀራው ግን እንደ በፊቱ ነው» አሉኝ። በነገራችን ላይ በእኛ አገር ሬዚስታንስ ሲባል መጠኑ ሳይሆን ሽቦው ራሱ ነው፤ «ሬዚስታንሱ ተቃጠለ» እንጂ «ሽቦው ተቃጠለ» የሚል ባለሙያ አላጋጠመኝም፤ ስለዚህ ከሠራተኛ ጋር ስንነጋገር የትኛውን ማለታችን እንደሆነ መለየት ይገባል። «እስኪ አንድ ጊዜ ልይልዎት» ብዬ ምጣዱ እየጋገረ ሳለ ለካሁ። በግድግዳው ሶኬት ትርፍ ቀዳዳ ላይ 219 ቮልት አለ። ምጣዱ ግን የተሰካው በዲቫይደር ነበርና፣ በዲቫይደሩ ትርፍ ቀዳዳ ላይ የተነበበው 208 ቮልት ብቻ ነው። ክላምፑ 14.9 አምፔር ይላል። የመስመሩ ቮልት በመሐል ተለውጦ እንዳያሳስተኝ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ደግሜ ለካሁት፤ ያው ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ምጣዱ ራሱ 208ን ለ14.9 ስናካፍል 14 ኦም ገደማ ነውና ጤነኛ ነው፤ የተቀየረው ሽቦም ያለ ጥፋቱ ነው የተወቀሰው። በመሐል የጠፉት 11 ቮልቶች ግን የትም አልሄዱም፤ 11 በ14.9 ሲባዛ 164 ዋት ይሆናል፣ ይህም በሙሉ በዲቫይደሩ ቀጭን ገመድና በመሰኪያዎቹ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። 164 ዋት ማለት ሦስት የድሮ ባለ 60 ዋት አምፖሎች ሊሰጡ ትንሽ የሚቀራቸው ሙቀት በአንድ ስንዝር ፕላስቲክና በሁለት ሜትር ገመድ ውስጥ ታፍኖ እንደማለት ነው። ዲቫይደሩን በእጄ ስነካው ፈጀኝ። ከሶኬት ነቅለን ስንከፍተው አንደኛው የነሐስ ምላስ ጠቁሮ፣ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክም ቀለሙ ተለውጦ አገኘነው። ያንን ጥለን ምጣዱን በራሱ ወፍራም ገመድ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ስንሰካው 217 ቮልትና 15.5 አምፔር፣ ማለትም 3,364 ዋት ገደማ አነበብን፤ በፊት ግን ወደ ምጣዱ ይደርስ የነበረው 3,099 ዋት ነበር። ሬዚስታንሱ በተቀየረ ጊዜ የተከፈለው ገንዘብ ለአዲስ ዲቫይደር ቢውል ኖሮ ይሻል ነበር እንዳልል፣ ይህን ያህል አምፔር ለሚስብ ዕቃ ዲቫይደር ጭራሹን አይመከርም።

አሁን ወደ ኦም መለኪያው ልመለስ። የጠፋው ቮልት 11 ሲሆን፣ ለ14.9 ሲካፈል የዲቫይደሩ ሬዚስታንስ 0.74 ኦም ነው። ይህንኑ ዲቫይደር ከመጣሉ በፊት ከሶኬት ነቅዬ በመሣሪያው የኦም እርከን ሁለቱን መስመሮች ለየብቻ ስለካቸው 0.8 እና 0.9 ታየኝ። የመሣሪያው ሁለት ጫፎች ያለ ምንም ነገር እርስ በርሳቸው ሲነኩ ደግሞ 0.6 ያሳያሉ፤ አጥብቄ ስይዛቸው 0.4፣ ስለቃቸው 0.9 ይሆናሉ። የምፈልገው ቁጥር ከመለኪያው የራሱ ስሕተት ያነሰ ስለሆነ በዚህ መንገድ ሊገኝ አይችልም። ከዚህ የባሰው ደግሞ የኦም መለኪያ በሚለካው ነገር ውስጥ የሚያሳልፈው ከረንት ከአንድ አምፔር ሺህኛ ክፍል አካባቢ ወይም ከዚያ በታች መሆኑ ነው፤ የላላ ወይም የጠቆረ መገናኛ ለዚህች ኢምንት ከረንት ደህና መስሎ ይታያል፣ 15 አምፔር ሲጫንበት ግን ጉዱ ይወጣል። ስለዚህ ሻጮች «ኦምም ይለካል» እያሉ የሚያሞግሱት እርከን ሽቦ ተበጥሷል ወይስ አልተበጠሰም የሚለውን ከመመለስ አልፎ ለቤት ዕቃ ብዙ አይረባም። ምጣዱን በዚህ እርከን ቀዝቅዞ ስለካው 14.3 አሳይቷል፤ 0.6ን ስንቀንስ 13.7 ይቀራል፣ ከስሌቱ ብዙ አልራቀም፤ ይህ ግን የምጣድ ሽቦ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ እምብዛም ስለማይለወጥ ነው።

አምፖል ላይ ይህ ዕድል የለም። ከድሮው የቀረች አንዲት ባለ 60 ዋት ክር አምፖል ቀዝቅዛ ስለካት 63 ኦም ሆነች። አንድ ሰው በዚህ ተመርቶ 221ን በ221 አባዝቶ ለ63 ቢያካፍል 775 ዋት ያገኝና አምፖሏን ስቶቭ ያደርጋታል። በርታ ሳለ ለመለካት ደግሞ ከረንቷ ለዚህ ክላምፕ ትንሽ ነው፤ መንጋጋው ባዶውን እንኳ 0.02 ወይም 0.03 አምፔር ያሳያል። እዚህ ላይ የሚረዳው ዘዴ የፌዙን ሽቦ አሥር ጊዜ በመንጋጋው ውስጥ ጠምጥሞ የተነበበውን ለአሥር ማካፈል ነው። በዚህ መንገድ 2.73 አነበብኩ፤ እውነተኛው 0.273 አምፔር ነው ማለት ነው። ከዚህ 60 ዋትና 810 ኦም ይወጣል። የክሩ ሬዚስታንስ ሲግል አሥራ ሦስት እጥፍ ያህል አድጓል፤ አምፖል ብዙ ጊዜ የምትቃጠለው ገና ስትበራ የሆነበት ምክንያትም ይኸው ነው፣ በዚያች ቅጽበት የሚገባባት ከረንት የበዛ ነውና።

ማባዛቱ ብቻውን የማይበቃበት ቦታ ፍሪጅ ነው፤ በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ ሰው ሲሳሳት አይቻለሁ። ኮምፕሬሰሩ ሲሠራ 221 ቮልትና 0.95 አምፔር ይነበባል፤ ብዜቱ 210 ነው። ሆኖም በቆጣሪው ላይ በአሥር ደቂቃ የቆጠርኩት 33 ብልጭታ ብቻ ሲሆን ይህ ወደ 124 ዋት ይመጣል። በሞተር ውስጥ ከረንቱ ከቮልቱ ወደኋላ ስለሚቀር፣ 210 የሚለው ቁጥር ቮልት አምፔር እንጂ ዋት አይደለም፤ የሁለቱ ውድር እዚህ 0.59 ነው። ከፍተኛውን ቁጥር የሽቦ ውፍረትና የብሬከር መጠን ለመምረጥ፣ ዝቅተኛውን ለሒሳብ መክፈያ መውሰድ ትክክል ነው። ለቴሌቪዥን፣ ለስልክ ቻርጀርና ለኤልኢዲ መብራት ደግሞ ከረንቱ ራሱ የተቆራረጠ ቅርጽ ስላለው፣ ይህ ርካሽ መሣሪያ የሚሰጠው አምፔር እንኳ አይታመንም፤ ለእነዚህ «ትሩ አርኤምኤስ» የሚል ጽሑፍ ያለበት መለኪያ ያስፈልጋል፣ የእኔው ካርቶን ላይ ያ ቃል የለም።

መሣሪያውን ያየ አንድ አሜሪካ የሚኖር ዘመዴ የእኛን ምጣድ ይዞ ቢሄድ ይሠራለት እንደሆነ ጠየቀኝ። ኦሙ ከታወቀ መልሱ ቀላል ነው፤ በዚያ አገር ተራ ሶኬት 120 ቮልት ላይ 14 ኦም የሚስበው 8.6 አምፔር ብቻ ስለሆነ ኃይሉ 1,029 ዋት ይሆናል፤ ለ3,500 ዋት የተሠራ ሰፊ ምጣድ በዚያ ቢለኮስ ሊጥ ያሞቃል እንጂ እንጀራ አይጋግርም። ልብስ ማድረቂያ በሚሰካበት 240 ቮልት መስመር ላይ ግን 17 አምፔርና ከ4,100 ዋት በላይ ይወስዳል፤ ይጋግራል፣ ነገር ግን ከታቀደለት በላይ ስለሚግል ዕድሜው ያጥራል። ከዚያ የሚመጣው ባለ 120 ቮልት ትንሹ ምጣድ እዚህ 220 ላይ ቢሰካ ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ስለሚገባበት ሽቦው ወዲያው ይቃጠላል።

ከዕቃው ሠሪ በኩል የማማርራቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። የመንጋጋው መክፈቻ ጠንካራ ስለሆነ በአንድ እጅ ለመክፈት ያስቸግራል፤ ሰሌዳው የጀርባ ብርሃን የለውም፣ ቆጣሪው ደግሞ ሁልጊዜ ጨለማ ማዕዘን ነው ያለው፤ ንባቡን የሚያቆመው ቁልፍ ግን ስለሚሠራ ለክቶ ወደ ብርሃን ይዞ መውጣት ይቻላል። ጀርባው ላይ «ካት 3፣ 600 ቮልት» የሚል የደኅንነት ደረጃ ታትሟል፤ ይህን ማኅተም ማንም ሊያትመው ስለሚችል፣ በእሱ ተማምኜ ከቆጣሪው በፊት ያለውን መስመር አልነካሁም፣ ለማንም አልመክርም።

አንዱ ጉድለት ግን ከሁሉም ይከፋል። በአምስተኛው ወር አንድ ምሽት መብራቱ ፈዝዞ ሳለ መሣሪያው 243 ቮልት አሳየኝ። ፍሪጁ እንዳይቃጠል ደንግጬ ብሬከሩን አወረድኩ፤ በማግስቱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በራሱ መለኪያ ሲያየው 205 ነበር። ጥፋቱ የባትሪው ነበር፤ የ9 ቮልቱ ባትሪ ሲደክም መሣሪያው የሚያወዳድርበት የውስጥ መስፈርት ስለሚወርድ ንባቡ ሁሉ ወደ ላይ ይንጋደዳል፤ ቮልቱም አምፔሩም አብረው ስለሚያብጡ፣ ሲካፈሉ የሚወጣው ኦም ደህና ይመስላል፣ ሲባዙ የሚወጣው ዋት ግን የእያንዳንዱን ስሕተት እጥፍ ያህል ይሳሳታል። የባትሪ ምልክቷ በሰሌዳው ጥግ ላይ የምትታየው ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ባትሪውን ከመሣሪያው አውጥቼ አስቀምጣለሁ፤ ከመለካቴም በፊት አንድ አዲስ የ1.5 ቮልት ባትሪ ለክቼ ከ1.5 እስከ 1.65 መካከል ካልሰጠኝ ሌላውን ንባብ አልጽፍም።

ዋናው ሥራው የምጣድ፣ የስቶቭና የሶኬት ጤንነት መመርመር ለሆነ ቤት ይህን መሣሪያ እንዲገዛ እመክራለሁ፤ ፍሪጅና ቴሌቪዥን የሚጠግን ባለሙያ ግን ገንዘቡን ጨምሮ ሌላ ይፈልግ።